የቤት ኢግዋናን ቦይ ዳር መልቀቅ በፍሎሪዳ ሕግ ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ በፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ ካውንቲ የምኖር ባለ ግሪን ካርድ ነኝ። ልጄ በ2019 ከእንስሳት መሸጫ የገዛው ትንሽ አረንጓዴ ኢግዋና (ትልቅ የእንሽላሊት ዓይነት) ዛሬ ከነጭራው ከአንድ ሜትር በላይ ሆኗል። ልጄ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ስለሄደ እንስሳው እኔ ላይ ቀርቷል፤ አከራዬም ከቤቱ እንዲወጣ በጽሑፍ አሳውቆኛል። ፈቃድ እንደሚያስፈልገው የሰማሁት ገና አሁን ነው። አንድ ወዳጄ «አገሩ ሁሉ ኢግዋና ነው፤ ቦይ ዳር ወይም ኤቨርግሌድስ ወስደህ ልቀቀው» ይለኛል። ጆርጂያ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ለእኔ ስጠኝ» ይላል። ለመንግሥት ባስረክበው ያለ ፈቃድ በመያዜ እከሰሳለሁ? የዜግነት ማመልከቻዬንስ ይነካብኛል? (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ እንስሳውን በየትኛውም ቦታ እንዳይለቁት። ከጠቀሷቸው አማራጮች ሁሉ በሕግ ፊት ከባዱን ጉዳት የሚያስከትልብዎ ወዳጅዎ ያቀረቡት ሐሳብ ሲሆን፣ ከተጠያቂነት የሚያወጣዎ መንገድ ግን አጭርና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው።

የፍሎሪዳ ሕግ አንቀጽ 379.231 የግዛቱ ተወላጅ ያልሆነን ማንኛውንም የእንስሳት ዝርያ፣ ከፍሎሪዳ የዓሣና የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚሽን ፈቃድ ሳያገኙ በግዛቱ ውስጥ መልቀቅን ይከለክላል። ይህን የጣሰ ሰው በአንቀጽ 379.4015 መሠረት ደረጃ ሦስት በተባለው ጥፋት የሚጠየቅ ሲሆን፣ ይህም እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ የሚያስቀጣ የአንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ነው። ወዳጅዎ «አገሩ ሁሉ ኢግዋና ነው» ማለታቸው እውነትነት አለው፤ እንስሳው በደቡብ ፍሎሪዳ በዱር መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ሕጉ ግን ዝርያው አስቀድሞ በአካባቢው ተስፋፍቷል ወይስ አልተስፋፋም ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዝርያው ተወላጅ ነው ወይ፣ የለቀቀውስ ሰው ፈቃድ ነበረው ወይ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ መከራከሪያ ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚያድንዎ አይመስለኝም። ቦታው ኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ሕግ ይሻገራል፤ ማናቸውንም እንስሳ ወደ ብሔራዊ ፓርክ ማስገባትና መልቀቅ በፓርኮቹ ደንብ ለብቻው የተከለከለ ነውና።

ሕጉ ይህን ያህል የጠነከረበትን ምክንያት ማወቁ ይጠቅማል። አንዲት እንስት ኢግዋና በአንድ ጊዜ ከ14 እስከ 76 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንስሳቱ የሚቆፍሩት ጉድጓድ የቦይ ዳርቻን፣ የእግረኛ መንገድንና የባሕር መከላከያ ግንብን ይሸረሽራል፤ በዌስት ፓልም ቢች ከተማ ኢግዋናዎች ያበላሹትን አንድ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ለመጠገን 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። በሕልውናው አደጋ ላይ የወደቀው ማያሚ ብሉ የተባለው ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥልበትንም ተክል ይበሉታል። በሌላ በኩል፣ መልቀቅ ለእንስሳው ርኅራኄ ነው ብለው አስበው ከሆነ፣ በሰው እጅ ያደገ ኢግዋና በክረምት ብርድ ደንዝዞ ከዛፍ ሊወድቅ እንደሚችል፣ የግል መሬት ባለቤቶችም በጭካኔ እስካልሆነ ድረስ ያለ ፈቃድ ሊገድሉት እንደሚችሉ ይወቁ።

ወደ ፈቃዱ ጉዳይ ልመለስ። ልጅዎ እንስሳውን በገዛበት በ2019 አረንጓዴ ኢግዋናን ለቤት እንስሳነት መያዝ አልተከለከለም ነበር። ኮሚሽኑ ደንቡን አሻሽሎ ኢግዋናንና ቴጉ የተባለውን ትልቅ እንሽላሊት ጨምሮ 16 የተሳቢ እንስሳት ዝርያዎችን በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ከሚያዝያ 29 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። ቀድሞውኑ ኢግዋና ወይም ቴጉ በቤታቸው የነበራቸው ሰዎች እስከ ሐምሌ 28 ቀን 2021 ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲያወጡና ከእንስሳው ቆዳ ሥር መለያ ማይክሮቺፕ እንዲያስገቡ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር፤ በጊዜው ያመለከቱት እንስሳው በሕይወት እስካለ ድረስ ሊያቆዩት ይችላሉ። ያ ቀን አልፏል። ስለዚህ ዛሬ ሄደው ፈቃድ ልጠይቅ ቢሉ በዚያ በር መግባት አይችሉም፤ እንስሳውን ያለ ፈቃድ ይዞ መቆየትም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ደንቡ ሲለወጥ አልሰማሁም ማለት ዳኛው ቅጣት ሲወስን ሊመለከተው ይችል ይሆናል እንጂ ከጥፋተኝነት ነፃ አያወጣም።

ይሁንና ኮሚሽኑ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች እንስሳቸውን ተደብቀው እንዳይለቁ ሲል የውጭ ዝርያ የቤት እንስሳት የምሕረት ፕሮግራም ዘርግቷል። በዚህ ፕሮግራም እንስሳውን የሚያስረክብ ሰው፣ ያለ ፈቃድ ይዞት የቆየ ቢሆን እንኳ ቅጣት አይጣልበትም፤ ክፍያም አይጠየቅም። እንስሳውም እሱን ለመያዝ ብቁ መሆናቸው ለተረጋገጠ ተቀባዮች ይተላለፋል። ፕሮግራሙ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሲሆን በስልክ ቁጥር 888-483-4681 ይገኛል። ሲደውሉ የእንስሳውን ዝርያ፣ መጠንና የጤና ሁኔታ ይንገሯቸው፤ ቀጠሮና ቦታ እስኪሰጥዎ ድረስ ኢግዋናውን በመኪና ጭነው አይዙሩ። ካስረከቡ በኋላ ቀኑንና የተረካቢውን ማንነት የሚገልጽ ጽሑፍ ይጠይቁና ከፋይልዎ ጋር ያኑሩት። በእንግሊዝኛ መነጋገር የሚያስቸግርዎ ከሆነ ልጅዎ ወይም ሌላ የሚያምኑት ሰው በስልኩ ላይ አብሮዎት ይሁን። ይህን ሁሉ በቶሎ እንዲፈጽሙ የምወተውትዎ፣ ምሕረቱ የተዘጋጀው በፈቃዱ ለሚያስረክብ ሰው ስለሆነ ነው፤ ጎረቤት ጠቁሞ መኮንን በርዎን ካንኳኳ በኋላ ያው ጥበቃ ይሠራል ብለው ሊተማመኑ አይገባም።

የወንድምዎን ሐሳብም አልደግፈውም። ሌሲ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ የአንድን ግዛት ሕግ በመጣስ የተያዘ የዱር እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት በንግድ እንዳይጓጓዝ ይከለክላል፤ እንስሳው በሰው እጅ የተፈለፈለ መሆኑም ከትርጓሜው አያስወጣውም። ወንድማማቾች ያለ ክፍያ ሲሰጣጡ «ንግድ» ነው አይደለም የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ ነገር ግን በነፃ የሚጨርሱትን ጉዳይ ወደዚህ ክርክር ማስገባት አስፈላጊ አይደለም።

ዜግነትን በተመለከተ፣ እንስሳውን በምሕረት ፕሮግራሙ ማስረከብ እስራትም ክስም አይደለምና በማመልከቻዎ ላይ የሚያሳድረው ጉዳት አይታየኝም። የሚያሳስበኝ ለቀውት ቢያዙ የሚሆነው ነው። የዜግነት ማመልከቻ ቅጹ (ኤን-400) አመልካቹ ታስሮ፣ ተከሶ ወይም በፖሊስ የክስ ወረቀት ተሰጥቶት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ክሱ የተሰረዘ ቢሆንም መልሱ በእውነት መሰጠት አለበት። በፍሎሪዳ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ተከሳሹ «አልከራከርም» ካለ በኋላ ዳኛው የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሳይመዘግብ መቀጮ ወይም የሙከራ ጊዜ ብቻ ማዘዙ የተለመደ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ይህን «ነፃ ወጣሁ» ብለው ይረዱታል። በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ ትርጓሜ ግን ተከሳሹ እንዲህ ያለ ቃል ሰጥቶ ማንኛውም ቅጣት ከተጣለበት እንደ ጥፋተኝነት ይቆጠራል። የዱር እንስሳት ደንብ ጥሰት ብቻውን ከአገር ያስባርራል ብዬ ላስፈራዎ አልፈልግም፤ ሆኖም ክስ ከቀረበብዎ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያማክሩ ምንም ዓይነት የጥፋተኝነት ወይም የአልከራከርም ቃል እንዳይሰጡ። መኮንን ቢጠይቅዎም ዝም የማለትና ጠበቃ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ሐሰት የመናገር መብት ግን የለዎትም፤ ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ ሐሰቱ ማመልከቻዎን ሊያበላሽ ይችላል።

ለአከራይዎ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይመልሱላቸው፤ ለኮሚሽኑ እንደ ደወሉና የርክክብ ቀጠሮ እየጠበቁ እንደሆነ ገልጸው እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲታገሱዎት ይጠይቁ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ያስቀሩ።