በአሮጌ ሊኑክስ ላይ የላይብረሪ ጣጣ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

እኛ ዘንድ ሊኑክስ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ዊንዶውስ የከበደው ማሽን ላይ ነው። ከተጫነ በኋላ ደግሞ እስኪሞት ድረስ አይነካም። ስለዚህ ከደሴም ከከሚሴም የሚመጣልኝ ጥያቄ ይመሳሰላል፤ አዲሱ ሶፍትዌር ወረደ፣ ተጫነ፣ ግን አልነሳም አለ። ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ተራ በተራ እነሆ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። የስህተት መልእክቱን እንዳለ፣ ከነቁጥሩ ላኩልኝ። «አልሰራ አለኝ» ብቻ ስትሉኝ ከየት ልጀምር? መልሱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ሰላም ወንድሜ። ላፕቶፔ ላይ ያለው ሊኑክስ ኡቡንቱ 18.04 ነው። ኖድ 18 (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃውን) አውርጄ ላስነሳው ስል «ጂሊብሲ 2.28 አልተገኘም» ይለኛል። አዲሱን ጂሊብሲ ለብቻው አውርጄ ብጭነውስ?

መልስ፦ እንዳትሞክረው። አብሽር፣ መፍትሔ አለው፤ መጀመሪያ ግን ነገሩ ይግባህ። ላይብረሪ ማለት ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ ነው፤ ጂሊብሲ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ ነው። ማሽንህ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል በእሱ ላይ ቆሟል። ፋይል ሲከፍት፣ ሚሞሪ ሲጠይቅ፣ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ሲያወጣ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። የቤት ምሰሶ በለው፤ ሰው እቤት ውስጥ ተቀምጦ ምሰሶ አይነቀልም።

አንድ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ (ከተጻፈው ኮድ ወደሚሰራ ፋይል ሲቀየር) ከጂሊብሲ የሚፈልጋቸውን ፈንክሽኖች ከነቨርዥናቸው መዝግቦ ይይዛል። በአሮጌው ላይ የተሰራ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ይሰራል፤ አዲሱ ጂሊብሲ የድሮዎቹን ቨርዥኖች አይጥላቸውም። ግልባጩ ግን አይሆንም። ኖድ 18 ቢያንስ 2.28 ይፈልጋል፣ ያንተ 18.04 ያለው 2.27 ነው። በአንዲት ቁጥር ቀረህ።

የእኔ ምክር ማሽኑን ወደ 20.04 ከፍ አድርገው ነው። እሱ 2.31 ነው ያለው። የ18.04 መደበኛ ድጋፍም በ2023 ግንቦት ላይ አብቅቷል፤ ስለዚህ ቢዘገይ እንጂ አይቀርልህም። ከ18.04 በቀጥታ ወደ 22.04 መዝለል አይቻልም፣ ደረጃ በደረጃ ነው። ፋይሎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ሳትገለብጥ ደግሞ አትጀምር፤ መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ይችላል፣ ላፕቶፑም ባትሪው የደከመ ከሆነ ነገሩ ይበላሻል።

ከፍ ማድረግ ካልቻልክ ከኖድ ሰዎች «ይፋዊ ያልሆኑ» ተብለው የሚወጡ ፋይሎች አሉ፣ በ2.17 ላይ የተሰራውን ፈልግ። ዶከርም መፍትሔ ነው፤ ፕሮግራሙን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ ያስነሳዋል፣ ኮንቴይነሩ የራሱን ጂሊብሲ ይዞ ይመጣል፣ ከማሽንህ የሚጋራው ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ብቻ ነው። ራምህ 2 ጊጋ ከሆነ ግን ዶከርን አልመክርህም።

ጥያቄ፣ ከብዙ ሰው፦ የኔ ጂሊብሲ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ተርሚናል ላይ ኤልዲዲ በሉ፣ ክፍት ቦታ ተዉና ሁለት ሰረዝ አስከትላችሁ ቨርዥን ብላችሁ ጻፉ። ሁሉም በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ ያለችው ቁጥር ናት። ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ሴንትኦኤስ 7 ላይ 2.17፣ ኡቡንቱ 16.04 ላይ 2.23፣ ዴቢያን 10 ላይ 2.28፣ ኡቡንቱ 22.04 ላይ 2.35፣ 24.04 ላይ 2.39 ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ ምክርህ ዘገየብኝ። እኔ ከጓደኛዬ ማሽን ሊብሲ የሚባለውን ፋይል በፍላሽ አምጥቼ በድሮው ላይ ገልብጬበታለሁ። አሁን ምንም ትእዛዝ አይሰራም። ፎልደር ውስጥ ያለውን ዘርዝር ብለው እንኳ እምቢ አለ። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ ፎርማት አታድርግ! ሰነዶችህ በሙሉ አሉ። የሆነው ምን መሰለህ፣ ሊብሲ የጂሊብሲ ዋና ፋይል ነው፣ ጂሊብሲ ግን አንድ ፋይል ብቻ አይደለም። ፕሮግራሞችን የሚጭነው ሎደር የሚባል ጓደኛ ፋይል አለው፤ ሁለቱ ቨርዥናቸው አንድ መሆን አለበት። አንተ አንዱን ብቻ ስትቀይር ሁለቱ አልተግባቡም፣ ስለዚህ ምንም ፕሮግራም አይነሳም።

ማሽንህ ላይ ያለው ቨርዥን ራሱ የተጫነበት ላይቭ ፍላሽ አዘጋጅ። 18.04 ከሆነ 18.04። በፍላሹ ተነሳ፣ ዲስክህን ማውንት አድርግ (ፋይሎቹ እንዲታዩ አገናኘው)። የሊብሲ 6ን ዴብ ፓኬጅ (የመጫኛ ፋይሉን) ሌላ ባዶ ፎልደር ውስጥ ዘርግፈው፣ ከዚያ ሊብሲውንም ሎደሩንም በዲስክህ ላይ ወደነበሩበት ቦታ ቅዳቸው። በቀጥታ ዲስኩ ሥር ላይ አትዘርግፈው፣ ሲምሊንኮችን (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙ አቋራጮችን) ሊያጠፋብህ ይችላል። አሁን ቻሩት ብለህ ከፍላሹ ወደ ዲስኩ ሲስተም መግባት ትችላለህ። ገብተህ ሊብሲ 6ን በአፕት (በፓኬጅ መጫኛው) ሪኢንስቶል አድርገው፣ ያኔ የቀረውን እሱ ያስተካክለዋል።

ሴንትኦኤስ ለምትጠቀሙ፣ ያበላሻችሁት ሲምሊንኩን ብቻ ከሆነና ዋናው ፋይል ካለ፣ ተርሚናሉን አትዝጉት። ኤስኤልኤን የሚባል ትንሽ ትእዛዝ አለ። ከጂሊብሲ ውጭ ራሱን ችሎ የሚሰራ ስለሆነ ሲምሊንኩን በእሱ መመለስ ይቻላል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ፒያሳ፦ ልጄ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንዱ ኮምፒውተር ኡቡንቱ ነው። ሰኞ ሰኞ ስከፍተው ኢንተርኔት አለ፣ ግን ድረ ገጹ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ይላል። አፕዴት ላድርግ ስል ደግሞ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም ይለኛል። ላይብረሪው ነው አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ላይብረሪው አይደለም። ሰዓቱን ይዩት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የብር ሳንቲም የምታክለው ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ አልቃለች። ማሽኑ ጠፍቶ ከሰነበተ ቀኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ማሽኑ ገና ያለፈው ሳምንት ላይ ያለ መስሎት ዛሬ የወጣውን ፋይል «ገና ነው» ይላል። ቀኑ ከዚያም በላይ ወደ ኋላ ከሄደ የድረ ገጾቹን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) አልቀበልም ይላል። ባትሪዋን ያስቀይሩ፣ ቀኑን ያስተካክሉ፣ የሰዓት ማስተካከያው በኢንተርኔት እንዲሆን ያድርጉት። ሶፍትዌሩን አይንኩት፣ ለማንም ከፍለው እንዳያስጭኑ።

ይህንን በደንብ ያዙልኝ፤ ሰው በዚህ ምክንያት ደህናውን ማሽን ፎርማት ያስደርጋል። መልእክቱ «ገና አልጸናም» ካለ መጀመሪያ ሰዓት ነው የሚታየው። «ጊዜው አልፏል» ካለና ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ሰርተፍኬት ሰጪ ይደገፍበት የነበረው አሮጌ ሥር ሰርተፍኬት (የሌሎቹ መነሻ የሆነው) በ2021 መስከረም 30፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ጊዜው አለፈ። ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤል፣ 1.0.2 እና ከዚያ በፊት ያሉት ቨርዥኖቹ፣ አዲሱን ሥር ቢያውቁትም እንኳ በአሮጌው መንገድ ሄደው ይሰናከላሉ። የሰርተፍኬት ፓኬጁን አድሱ፣ አሮጌውን ሥር ከዝርዝሩ አውጡ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ እኔን ያስቸገረኝ ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.29 የሚል ነው። ኡቡንቱ 20.04 ላይ የፓይተን ፓኬጅ ስጭን ነው የመጣው። ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ መጨረሻው ላይ ያሉት ኤክስኤክሶች ለውጥ አላቸው። ይሄ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ነው፣ ከጂሲሲ ኮምፓይለር ጋር ነው የሚመጣው። 3.4.29 ከጂሲሲ 11 ጀምሮ ነው ያለው፣ 20.04 ደግሞ 3.4.28 ላይ ይቆማል። እንደ ጂሊብሲ አያስፈራም፤ በኮንዳ (በፓኬጅ ማስተዳደሪያው) ለብቻው ኢንቫይሮመንት ክፈቺና አዲሱን እዚያ ውስጥ ጫኚው፣ ሲስተሙን አይነካም።

ጥያቄ፣ ስሙን ያልገለጸ፦ ጂሊብሲ መደረብ አይቻልም ትላለህ፣ እኔ ግን በፓችኤልፍ ሰርቶልኛል።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ይቻላል። መተካት አይቻልም እንጂ ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል። አዲሱን ጂሊብሲ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ በፓችኤልፍ ሎደሩንም የላይብረሪ መንገዱንም ወደዚያ ታዞርለታለህ። በ2024 መጀመሪያ የኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ 1.86 ሲወጣ በርቀት የሚገናኘው ሰርቨር ጂሊብሲ 2.28 መጠየቅ ጀመረና ሴንትኦኤስ 7 እና ኡቡንቱ 18.04 ላይ የሚሰሩ ሰዎች ጮኹ። ጊዜ ተራዘመላቸው፣ በኋላም የተጠቆመላቸው መውጫ ይኸው ነው። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የሚለውን ቫሪያብል ወደ አዲሱ ጂሊብሲ አዙሮ ባሽአርሲ (ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር የሚነበበው ፋይል) ላይ የሚጽፍ አለ። ያኔ የምትከፍተው ሼል ሁሉ ይበላሻል፣ ሎግ ኢን ማድረግም ይቸግርሃል። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ የኔ ግልባጭ ነው። 22.04 ጫንኩ፣ የድሮው ፕሮግራሜ ሊብኤስኤስኤል 1.1 የለም አለ።

መልስ፦ ሊብኤስኤስኤል የኦፕንኤስኤስኤል ፋይል ነው፤ 22.04 ያለው ደግሞ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ነው። ከ3ቱ ወደ 1.1 ሲምሊንክ አድርግ የሚሉህን አትስማ፣ ሁለቱ አይጣጣሙም። መጀመሪያ የፕሮግራሙን አዲስ ቨርዥን ፈልግ። ከሌለ 1.1ን በዚያ ፕሮግራም ፎልደር ውስጥ ብቻ አኑርለት። የ1.1.1 ድጋፍ በ2023 መስከረም ስላበቃ ኢንተርኔት ላይ ለሚወጣ ሥራ አትጠቀምበት።

ጥያቄ፣ ከላሊበላ፦ ለተማሪዎች የተሰጡ አሮጌ ዴስክቶፖች አሉን፣ ሁሉም 32 ቢት ናቸው። ክሮም አይጫንም። ተስፋ አላቸው?

መልስ፦ በእርግጥ 32 ቢት ናቸው ወይስ የተጫነባቸው ሲስተም ነው 32 ቢት? ኤልኤስሲፒዩ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ። ኦፕ ሞድ በሚለው መስመር ላይ 32 እና 64 ሁለቱም ከተጻፉ ማሽኑ 64 ቢት ይችላል። ኮር 2 ዱዎ የሆነ ሁሉ ይችላል፤ ድሮ ራም ትንሽ ነው ተብሎ 32 ተጭኖበት ነው የሚቀረው። ከሆነ ቀላል ዴስክቶፕ ያለው 64 ቢት ዴቢያን ጫኑበት፣ ችግሩ በግማሽ ይቀላል።

በትክክል 32 ቢት ከሆነ ግን መንገዱ እየጠበበ ነው። ክሮም 32 ቢት ሊኑክስን በ2016 ትቶታል። በ2025 ነሐሴ የወጣው ዴቢያን 13 በ32 ቢት ፒሲ ላይ አዲስ አይጫንም፤ የመጨረሻው ዴቢያን 12 ነው። ፋየርፎክስም ከ144 በኋላ ቆሟል፣ የሚቀራችሁ ረጅም ድጋፍ ያለው ኢኤስአር 140 ነው። ለጽሑፍ መለማመጃ፣ ለሊብሬኦፊስ፣ ለፓይተን ትምህርት አሁንም ያገለግላሉ፤ አትጣሏቸው። የአማርኛ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ አቢሲኒካ ፎንትን ጫኑ፣ ዴቢያን ውስጥ አለ።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ዳታቤዙ ሞንጎዲቢ 5 ሲነሳ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይሞታል። የትኛው ላይብረሪ ነው የጎደለኝ?

መልስ፦ የጎደለህ ላይብረሪ የለም፣ ፕሮሰሰሩ ነው። ሞንጎ ከ5.0 ጀምሮ ኤቪኤክስ የሚባለውን የፕሮሰሰር ችሎታ ይፈልጋል። ለትምህርት ከሆነ በ4.4 ተማርበት።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ 18.04 ላይ ዋናውን ፓይተን ወደ አዲስ ቀየርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ተርሚናሉ አይከፈትም።

መልስ፦ ተርሚናሉን የሚያስነሳው ስክሪፕትና ከአፕት ጋር የሚሰሩ አንዳንድ መሣሪያዎች በሲስተሙ ፓይተን 3.6 ነው የሚሰሩት። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3 አንድ ላይ ተጫንና በሚመጣው ጥቁር ስክሪን ላይ ሎግ ኢን አድርግ፣ ሲምሊንኩን ወደ 3.6 መልሰው። አዲሱን በስሙ እየጠራህ፣ በቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ተጠቀም።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ለመጋዘን የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም በሲ ጽፌ ነበር። እኔ ጋ 22.04 ላይ ይሰራል። መርሳ ወስጄ ደንበኛው ጋ ልጭን ስል 20.04 ላይ እምቢ አለ። አዲስ የሚባል ፈንክሽን አልተጠቀምኩም እኮ!

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ አለኝ። አልተጠቀምክም፣ ግን ሳታውቀው ገብቶብሃል። ጂሊብሲ 2.34 ላይ የፕሮግራም መነሻ ፈንክሽኑ ራሱ አዲስ ቨርዥን ወጣለት። በዚያን ጊዜ የትሬድ ላይብረሪውም ወደ ዋናው ተጠቃልሏል። ስለዚህ 22.04 ላይ ኮምፓይል የተደረገች «ሰላም» ብላ የምትዘጋ ፕሮግራም እንኳ 2.34 ትጠይቃለች፣ 20.04 ያለው ደግሞ 2.31 ነው። ኦብጅደምፕን በሰረዝና በትልቁ ቲ አስነሳና ፕሮግራምህ የሚጠይቀውን ትልቁን የጂሊብሲ ቁጥር እይ፣ ጉዞ ሳትወጣ እዚያው ታውቀዋለህ።

ደንበኛህ ከሚጠቀማቸው ማሽኖች መካከል አሮጌው ላይ ኮምፓይል አድርግ። ማሽኑን ማምጣት አያስፈልግም፣ የ20.04 ወይም የ18.04 ዶከር እቤትህ ይበቃል። የፓይተን ሰዎችም የሚሰሩት እንዲሁ ነው፤ ማኒሊኑክስ 2014 የሚባለው የፓኬጅ መስፈርት በጂሊብሲ 2.17 ልክ የተቆረጠ ነው፣ ለዚህ ነው ብዙ ቦታ የሚሰራው። ፕሮግራሙ ትንሽ ከሆነ በመስል (በሌላ ትንሽ የሲ ላይብረሪ) ስታቲክ አድርገህ፣ ማለትም ላይብረሪውን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብተህ፣ መስራትም ትችላለህ፣ ያኔ የደንበኛው ጂሊብሲ ስንት ቢሆን አያገባህም።

ጥያቄ፣ ከመርሳ፦ ኔት ውድ ነው። ፓኬጅ ከጓደኛ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል ወይስ እሱም ክልክል ነው?

መልስ፦ ይቻላል፣ የጓደኛህ ማሽን ቨርዥንም ቢቱም ካንተ ጋር አንድ ከሆነ። አፕት ኦፍላይን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አንተ ጋ የሚጎድለውን ዝርዝር ያወጣል፣ እሱ ጋ ያወርዳል፣ መልሰህ ትጭናለህ። ጓደኛህ 22.04 ሆኖ አንተ 18.04 ከሆንክ ግን ከእሱ ማሽን ዴብ አታምጣ። አፕት ሊብሲ ያንሳል ብሎ ሲከለክልህም በግድ ጫን የሚለውን ትእዛዝ እንዳትጠቀም።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያም የሚባለው ፓኬጅ መጫኛ ምንም አያወርድም፣ ሚረር (የማውረጃ ሰርቨር) አላገኘሁም ይላል።

መልስ፦ ሴንትኦኤስ 7 በ2024 ሰኔ 30፣ በፈረንጆቹ፣ አብቅቷል፣ የሚረር ዝርዝሩም ተዘግቷል። የሪፖ ፋይሎቹን ቮልት ወደሚባለው ማኅደር አዙራቸው፣ ያወርድልሃል። የደኅንነት ማሻሻያ ግን ከእንግዲህ አይመጣልህም። ሰርቨሩ ኢንተርኔት ላይ ከሆነ በዚህ ሳምንት ዳታውን ገልብጥና ወደ አልማሊኑክስ ወይም ሮኪ ለመዛወር ጀምር። አሮጌ ፕሮሰሰር ከሆነ ከ9 ይልቅ 8ን ምረጥ፣ 9 ቆየት ያሉ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም።