የግሩፕ ሥራ ያስመረራችሁ፣ ጠይቁ

ድሬዳዋ ኮሌጅ አስተምራለሁ። የግሩፕ አሳይመንት ሰሞን ነውና የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ልመልስ። በድሬ ወግ አንተና አንቺ እያልኩ ነው፣ እንዳትቀየሙ።

ጥያቄ፦ ግሩፑ ስንት ሰው ቢሆን ይሻላል?

አራት፣ ቢበዛ አምስት። ሰባት ሲሆን ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ስም ያስገባሉ። ፈረንሳዊው ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ አብረው የሚጎትቱ ሰዎች በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ሰዎች በቡድን እንዲጮኹ ተደረገ። የእያንዳንዳቸው ድምፅ ለየብቻ እንደሚለካ ሲያውቁ ስንፍናው ጠፋ። እንግዲህ ማን ምን እንደሚሠራ በመጀመሪያው ቀን ጽፋችሁ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፉት።

ጥያቄ፦ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ልግባ?

ጓደኛህን "አልሠራህም" ማለት ይከብድሃል። መጀመሪያ ሥራውን እይ። ከፊራ ገበያ ወርዳችሁ ነጋዴ የምታነጋግሩ ከሆነ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል ልጅ ያስፈልጋችኋል። ቀጥሎ ሰዓታችሁ ይግጠም። ከምሳ በኋላ ግን ቀጠሮ አትያዙ፤ በዚህ ሙቀት ማንም አይመጣም።

ጥያቄ፦ አንድ ለአምስትስ?

ለጥናት ይረዳል። ለፕሮጀክት ሲሆን ግን አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይፈርማሉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ልጅ ጠፋብን። ስሙን እናውጣው?

በማስረከቢያው ዋዜማ ስም መሰረዝ ብቀላ ነው የሚመስለው። መጥፋት ሲጀምር አንድ ሰው ለብቻው ያናግረው። ላፕቶፕ የሌለው ልጅ አፍሮ ሊጠፋ ይችላል፤ እሱ ቃለ መጠይቁን በስልኩ ይቅዳ። ከዚያ ትንሽ ሥራ ከነቀኑ ስጡት። ያንንም ካልሠራ፣ የጻፋችሁለትን መልእክት ይዛችሁ ጊዜ ሳያልፍ ወደ መምህሩ ሂዱ። ከውጤት በኋላ ለሚመጣ አቤቱታ እኔም ብሆን ምንም ማድረግ አልችልም።

ጥያቄ፦ ሁሌ እኔ ነኝ የምሠራው። እነሱ ከነኩት ይበላሻል።

አቦ፣ አንቺም አለሽበት! አንድ ሰው ሁሉን ሲጠቀልል ሌላው ይተኛል። ረቂቃቸውን ሳምንት ቀድመሽ ተቀበዪ። የጎደለውን ጠቁሚያቸው፣ ማስተካከሉን ግን ለራሳቸው ተዪላቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ ያናድድሻል፣ ቻዪው።

ጥያቄ፦ ፕሬዘንቴሽኑን ማን ያቅርብ? አንደበተ ርቱዕ አንድ ልጅ አለን።

ሁላችሁም ተዘጋጁ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል አንብቦ ይምጣ። ጥያቄ ስጠይቅ እኔ የምጠራው ከኋላ ዝም ብሎ የቆመውን ነው።