ጠርዙ የነጣ ስልክ፦ ቀለሙ ለምን ለቀቀ? ላስቀባውስ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማሩ ፎርማን ናቸው። ከስምንት ወር በፊት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያለው ባለ ብረት አካል ስልክ ገዙ። አሁን አራቱም ማዕዘኖቹና የቻርጀር መሰኪያው ዙሪያ ብር መስሎ ነጥቷል። በቀኝ ጎኑ፣ አውራ ጣታቸው በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ደብዘዝ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። «ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ። ኦሪጅናል ስልክ ቀለሙ ይለቃል? አንድ ልጅ በስፕሬይ ቀብቼ አዲስ አስመስለዋለሁ ይለኛል፤ ላስቀባው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ወንድሜ፣ አብሽር። ቀለሙ ስለለቀቀ ብቻ ስልኩ ፎርጅድ ነው አይባልም። በስፕሬይ ግን እንዳያስቀቡት። እኔ ደሴ ውስጥ ስልክ መጠገን ከመጀመሬ በፊት ለስድስት ዓመት የአሉሚኒየም በርና መስኮት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ የስልክዎ ገላና የመስኮት ፕሮፋይል ቀለም የሚይዙበት መንገድ አንድ በመሆኑ ጥያቄዎን ሳነብ ሁለቱም ሙያዎቼ ናቸው የተነሡብኝ።

እኛ ብረት እንበለው እንጂ የአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ስልኮች አካል አሉሚኒየም ነው። የአሉሚኒየም ስልክ ቀለም ደግሞ እንደ ቆርቆሮ በር ከላይ የተቀባ አይደለም። ፋብሪካው አሉሚኒየሙን በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነክረዋል፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ ነው። ከዚያ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቅበታል። በዚህ ጊዜ የብረቱ ገጽ ራሱ ወደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ከገዛ ሥጋው ቆዳ ያበቅላል ማለት ነው። ይህ ቆዳ በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቀለሙ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰርጋል፤ በመጨረሻ ለመፍላት በተቃረበ ውሃ የቀዳዳዎቹ አፍ ይዘጋል። ይህ ሥራ አኖዳይዝ ማድረግ ይባላል። የቆዳው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ነው። የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ያህል ስለሚሆን፣ ቀለሙን የያዘው ቆዳ ወፍራም በሚባልበት ጊዜ እንኳ የአንድ ጸጉር ግማሽ አይሞላም።

ቆዳው ቀጭን ቢሆንም ጠንካራ ነው፤ ከሥሩ ካለው አሉሚኒየም በብዙ ይጠነክራል። ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ነው። ክረምት ሲያልፍ የቦርከና ወንዝ ዳር ጭቃ ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሲሠራ አይተው ይሆናል። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ተረከዝ ሲያርፍበት ግን ከሥር ያለው ጭቃ ስለሚሸሽ ተሰንጥቆ ይነሣል። ስልኩ በማዕዘኑ ሲወድቅ ወይም ከምስማርና ከቁልፍ ጋር በኪስ ሲጋጭ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ለስላሳው አሉሚኒየም ይጎደጉዳል፣ ቆዳው ደግሞ አብሮት መታጠፍ ስለማይችል ይፈረፈራል። ስለታማ በሆነ ጠርዝ ላይ ነገሩ ይብሳል። ቆዳው የሚበቅለው ከገጹ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ነው፤ ጠርዝ ላይ ሲደርስ፣ የተጨበጠ እጅ ሲከፈት ጣቶች እንደሚራራቁ ሁሉ እርስ በርሱ ይራራቃልና ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ደካማ ነው። የእርስዎ ስልክ ከጀርባው ሳይሆን ከማዕዘኖቹና ከመሰኪያው አፍ የነጣው በዚህ ምክንያት ነው። መሰኪያው ዙሪያማ በየቀኑ በቻርጀሩ ጫፍ ይነካል፤ ማታ መብራት በሌለበት በዳበሳ ሲሰኩት ደግሞ ይበልጥ።

ውድ ስልክም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጥቁሩ አይፎን 5 ሲወጣ ብዙ ገዥዎች ጠርዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጣ ብለው አማረሩ፤ ከኩባንያው የተሰጠው መልስም ማንኛውም የአሉሚኒየም ዕቃ በአጠቃቀም ሊጫርና የተፈጥሮ ብርማ ቀለሙ ሊወጣ ይችላል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አይፎን 17 ፕሮ ከታይታኒየም ወደ አሉሚኒየም ሲቀየር ደግሞ ከጀርባ ከፍ ብሎ በተሠራው የካሜራ ቦታ ጠርዝ ላይ ያው ቅሬታ ተነሣ። ስለዚህ ሻጩን በዚህ አይክሰሱት። የስልኩን ማንነት ማረጋገጥ ከፈለጉ *#06# ደውለው የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩ፤ ከቀለሙ የተሻለ ምስክር እሱ ነው።

አሁን የስልክዎ አካል በእርግጥ አሉሚኒየም መሆኑን እንለይ። ርካሽ ስልኮች ላይ ብረት የሚመስል ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ በብዛት አለ። በግንባታ ቦታው ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው ባለሙያ መልቲሜትር አያጣም። ስልኩን ያጥፉት፤ መልቲሜትሩን ድምፅ በሚያሰማው የመስመር መፈተሻ ላይ ያድርጉት። ሁለቱን መርፌዎች በነጣው ማዕዘን ላይ አቀራርበው በቀስታ ያሳርፉ። ከጮኸ ብረት ነው። ከዚያ ሁለቱንም ቀለሙ ባልተነካበት ቦታ ላይ፣ ሳይጫኑና ሳይጭሩ ያስነኩ። እዚህ ዝም ካለ ስልክዎ አኖዳይዝ የተደረገ አሉሚኒየም ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። የነጣው ቦታም ዝም ካለ ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም። ባለ ቀለሙም የነጣውም ከጮኹ፣ ብዙውን ጊዜ አየሩ በተመጠጠ ሳጥን ውስጥ በተነነ ብረት ቀለም የተሰጠው የማይዝግ ብረት ወይም ታይታኒየም ነው። ይህን ፍተሻ ለደንበኞቼ ጠረጴዛው ላይ አሳያቸዋለሁ፤ ድምፁን በጆሯቸው ሲሰሙ የምነግራቸውን ያምኑኛል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ማዕዘኑ አይደለም፤ ከአውራ ጣትዎ ሥር የወጡት ነጠብጣቦች ናቸው። ማዕዘኑ በግጭት ነው የተላጠው። ነጠብጣቡ ግን እየተበላ ነው፤ የሚበላውም ስሚንቶ ነው ብዬ እገምታለሁ።

መስኮት በምሠራበት ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ቡናማ ፕሮፋይል ገጠምን። ልስኑ አላለቀም ነበር፤ ባለቤቱ ስለቸኮሉ ግን መስኮቱ ቀድሞ ገባ። ልስን የሚሠሩት ልጆች እርጥብ ስሚንቶ ረጩበት፤ ማንም ልብ አላለውም። በማግስቱ ስንጠርገው ስሚንቶው በቀላሉ ተነሣ፤ ከሥሩ ግን ቡናማው ቀለም ሄዶ የአመድ ዓይነት ነጭ ነጠብጣብ ቀረ። አጠብነው፣ በዘይት አሸነው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ነጠብጣቡ ተመልሶ መጣ። አሥራ አንድ መስኮት ነቅለን በአዲስ ተካን፤ ኪሳራው ለወራት አልለቀቀንም። ከዚያ ወዲህ ልስን ባልተጠናቀቀበት ቤት ፕሮፋይሉን በወረቀት ፕላስተር ሳልሸፍን ገጥሜ አላውቅም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እርጥብ ስሚንቶ በውስጡ ባለው ኖራ የተነሣ ፒኤች የሚባለው የአሲድነትና የኖራነት መለኪያው ከ12 ይበልጣል። ያ የአሉሚኒየም ቆዳ ደህና የሚሆነው ከ4 እስከ 9 ባለው መካከል ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይሟሟል። የእርስዎ መዳፍ በስሚንቶ አቧራ ተሸፍኖ ይውላል። ከሐረጎ ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ሰው ኮቱን ማውለቁ አይቀርም፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ እጅ ላብ እንግዳ አይደለም። አቧራው በላብ ሲርስ በአውራ ጣትዎና በስልኩ መካከል ቀጭን የእርጥብ ስሚንቶ ንብርብር ይፈጠራል፤ ስልክ ባነሡ ቁጥር ያንን ያሹበታል። ከስሚንቶው ጋር ያለው አሸዋም ከአሉሚኒየም እጅግ ይጠነክራልና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አጠራረግዎን ይለውጡ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አይሹት፤ መጀመሪያ እፍ ይበሉት ወይም በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያራግፉት፤ ቀጥሎ በንጹህ ውሃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያ ያድርቁት። ይህን ማታ ሳይሆን ከሥራ እንደወጡ ያድርጉት፤ ስሚንቶው በእርጥበቱ ባደረ ቁጥር ይበላልና። የቅባት እድፍ ካለው 70 በመቶ አልኮል ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ መጥረግ ይቻላል። በረኪና ግን ፈጽሞ አያስነኩት፤ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ቆዳውንም ይጎዳል። አመድ፣ የልብስ ዱቄት ሳሙናና ሎሚም እንዲሁ። የጥርስ ሳሙና ቀባ አድርጎ ማሸት የተለመደ ነው፤ በውስጡ የሚፍቅ ዱቄት ስላለ ለጊዜው ቢያብለጨልጭም የቀረውን ቆዳ ያሳሳል። ማዕዘኑን ለማስተካከል በብርጭቆ ወረቀት መሞረድም ነጩን ቦታ ከማስፋት ሌላ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ነገር መያዣው ነው። ማዕዘኖቹን ወፈር አድርጎ የሚሸፍን፣ የመሰኪያውንም አፍ ዙሪያ የሚያቅፍ ለስላሳ ከቨር ይግዙ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከቨሩን ካለበሱት በኋላ አይርሱት። ብዙ ደንበኞቼ ዓመት ሙሉ ከቨር ያላወለቁለትን ስልክ ያመጡልኛል፤ ሳወልቀው ውስጡ የገባ አሸዋ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ፍቆታል። ለእርስዎ ሥራ ቢያንስ በሦስት ቀን አንዴ አውልቀው ስልኩንም የከቨሩንም ውስጥ ይጥረጉ። ስልኩ ሜትርና ምስማር ከሚገባበት ኪስ ይለይ፤ የደረት ኪስ ካለዎት ያ ይሻላል።

ወደ ስፕሬዩ ልመለስ። የለቀቀውን ቀለም በቦታው መመለስ አይቻልም። አኖዳይዝ ለማድረግ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ፣ አካሉ ብቻውን ቀርቶ፣ አሮጌው ቆዳ በኬሚካል ተገፍፎ እንደገና አሲድ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከአካሉ ጋር አብረው የተጣበቁት የፕላስቲክ መስመሮች ደግሞ ያንን ሁሉ ላይችሉት ይችላሉ። ስፕሬይ ከላይ የሚቀመጥ ቀለም ነው፤ በዚያ ለስላሳ ገጽ ላይ አጥብቆ ስለማይዝ በኪስ ሙቀትና በላብ በጥቂት ሳምንት ይላጣል፣ ሲላጥም ከነጣው ማዕዘን ይልቅ ያስጠላል። ከዚህ የከፋው፣ ብናኙ የማይክሮፎንና የድምፅ ማጉያ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ብርማ ቅንጣት ያለው ቀለም ከሆነ ደግሞ በጎኑ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የፕላስቲክ መስመሮች ሲሸፍን የኔትወርክ አቀባበሉን ሊያውክ ይችላል፤ መስመሮቹ የተሠሩት ለአንቴናው ነውና። ቦዲ እንዳለ ይለወጥልኝ የሚሉም አሉ። በእጄ ካለፉት ተለዋጭ ቦዲዎች ብዙዎቹ የተቀቡ እንጂ አኖዳይዝ የተደረጉ አልነበሩም፤ ስልኩ ሲከፈትም ውሃ የሚከላከልበት ማጣበቂያ ይሄዳል።

ነጩ ማዕዘን ዓይንዎን ከረበሸው ጎኑን ዙሪያ የሚለብስ ስስ ስቲከር ያስለጥፉ፤ የሚነሣ ነው፣ ቀዳዳዎቹም ተከፍተው የተዘጋጁ ናቸው። ከማስለጠፍዎ በፊት ግን የስሚንቶው ቅሪት ሙሉ በሙሉ ይጠረግ፤ ከሥሩ ከታፈነ መብላቱን አይተውም። ነጠብጣቦቹን ዛሬ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡና ከአንድ ወር በኋላ ያነጻጽሩ። ባሉበት ከቆሙ ምክንያቱን አግኝተነዋል። ከሰፉ ወይም መሐላቸው በጥፍር ሲዳሰስ ጎድጎድ ካለ የላብዎ ጨው ብረቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ባለሙያ በአጉሊ መነጽር ይይልዎት።

ልሸጠው ይሆናል ብለው እያሰቡ ከሆነም እንዳለ ይሽጡት። ያገለገለ ስልክ ስገዛ ጠርዙ የነጣውን አልፈራም፤ ምን እንደደረሰበት ከፊቱ ይነበባል። ከላይ የተቀባ ሲመጣልኝ ግን ከሥሩ ስንጥቅ ወይም ጥምዝ ይኖራል ብዬ ስለምጠረጥር ወይ ዋጋውን እቀንሳለሁ፣ ወይ እመልሰዋለሁ።