ሌሊት እየሠራሽ ኦንላይን ኮሌጅ ለምትጀምሪው እህቴ

እህቴ ሰላም። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሊት ነርሲንግ ሆም ትሠሪያለሽ፣ ሁለት ልጆች አሉሽ፣ ከትምህርት ከራቅሽ ስምንት ዓመት ሆኖሻል። አሁን እዚሁ ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለነርሲንግ የሚጠየቁ ሁለት ክላሶች ኦንላይን ተመዝግበሽ ኦገስት መጨረሻ ላይ ይጀመራሉ። «ከየት ልጀምር? እችለዋለሁ ወይ?» ነው ያልሽው።

ከላይ ኮሜንት ላይ «ኦንላይን ቀላል ነው፣ በትርፍ ሰዓትሽ ታጠናቅቂዋለሽ» ያሉሽ አሉ። አትስሚያቸው። እኔ የመጀመሪያ ክላሴን የወደቅኩት ይህንኑ ሰምቼ ነው። ያኔ ዲሲ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለምውል ትምህርቱን እዚያው እጨርሰዋለሁ አልኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የ30 ደቂቃ ኩዊዝ መጣ፣ በስልኬ ከፈትኩት። ቡዙ ያለው ምድር ቤት ነው። አራተኛው ጥያቄ ላይ ኔትወርክ ጥርግ አለ። ወደ ላይ ሮጥኩ፣ መኪና መጣ፣ ተመለስኩ፣ ሒሳብ ተቀበልኩ፣ እንደገና ወጣሁ። የኩዊዙ ሰዓት ደግሞ አንዴ ከጀመረ ከገጹ ብትወጪም አይቆምም። ስገባ 6 ደቂቃ ቀርቶኛል። ከ20 ሰባት አገኘሁ።

እሱስ ባልከፋ፣ የባሰው ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። ለመምህሩ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። አፈርኩ። ሰበብ ይመስለዋል ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ክላሱን ሳልከፍት ቆየሁ፣ ስከፍተው «ሚሲንግ» የሚል በቀይ ተደርድሮ ጠበቀኝ፣ ደንግጬ መልሼ ዘጋሁት። በቃ፣ እንደዚህ ነው የሚወደቀው። ትምህርቱማ ያን ያህል አልከበደኝም ነበር።

እኛ አስተማሪ ማስቸገር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ፊትሽ ሲጨልም አይቶ «ምን ሆንሽ?» ይልሻል። ኦንላይን ላይ ፊትሽ የለም። ስለዚህ ችግር በገጠመሽ ቀን፣ በማግስቱ ሳይሆን የዚያኑ ዕለት ጻፊለት። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የኮርሱን ስምና የሴክሽን ቁጥሩን አስገቢ፣ አንዱ መምህር አምስት ስድስት ክላስ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ አራት መስመር ይበቃል። ማን እንደሆንሽ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደምትፈልጊ፣ መቼ እንደምታስረክቢ። የስክሪኑን ፎቶ አያይዢ። ክላሱን በድጋሚ ስወስድ ይህን አደረግኩና ሁለት ጊዜ ጊዜ ተራዝሞልኛል፣ አንዴ ደግሞ አይሆንም ተብያለሁ። እንግሊዝኛዬ ያኔም የተሰባበረ ነበር፣ ማንም አልሳቀብኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ዛሬውኑ አንድ ነገር እይ፦ ክላሶችሽ የ16 ሳምንት ናቸው ወይስ የ8? ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ይመዘገባል። የ8 ሳምንቱ አጭር ነው እንጂ ትንሽ አይደለም፣ ያው መጽሐፍ በግማሽ ጊዜ ነው የሚያልቀው። ባለ 3 ክሬዲት ክላስ በ16 ሳምንት ሲሆን በሳምንት እስከ 9 ሰዓት ያዢለት ይባላል፣ በ8 ሳምንት ሲሆን 18 ሊደርስ ነው። ሁለቱም የ8 ሳምንት ከሆኑና አንዱ አናቶሚ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሌሊት ለሚሠራ ሰው እብደት ነው። አናቶሚውን ለሚቀጥለው ሴሚስተር አቆይው። በእንግሊዝኛው ጀምሪ፣ ወይም ኤስዲቪ 100 የሚባለውን፣ ለአዲስ ተማሪ የኮሌጅ አያያዝ የሚያስተምረውን ባለ 1 ክሬዲቱን ውሰጂ፣ እሱ ላይ እጅሽን ታፍታቻለሽ።

ክላሱ በተከፈተ ቀን ሲለበሱን፣ የክላሱን ሥራና የማስረከቢያ ቀኖች የያዘውን ዝርዝር፣ አትሚው። አዎ፣ ወረቀት ላይ። ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፊውና ቀኖቹን በቀይ አክብቢ። ካንቫስን፣ ክላሱ የሚሰጥበትን አፕ፣ ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ ኖቲፊኬሽኑንም ክፈቺ፣ ኩዊዝና ፈተና ግን በስልክ አትሞክሪ (ምድር ቤቱን አትርሺ)። ደግሞ ሰዓት! «እሁድ 11:59 ፒኤም» ማለት በእኛ እሁድ ሌሊት ለስድስት አንድ ደቂቃ ሲቀር ነው። አንዳንዱ መምህር «ሰኞ 12:00 ኤኤም» ብሎ ይጽፈዋል፣ እኔ ሰኞን ቀኑን ሙሉ ያለኝ መስሎኝ አንድ ጽሑፍ ሳላስረክብ አልፎኛል። አንቺ እሁድ ማታ ሥራ ስለምትገቢ የራስሽን ቀነ ገደብ ቅዳሜ አድርጊው።

በመጀመሪያው ሳምንት ገብቶ አይቶ መውጣት ብቻ እንደ መገኘት እንደማይቆጠርም እወቂ። የሆነ ነገር ማስገባት አለብሽ፣ ኩዊዝም ይሁን ዲስከሽን። አለበለዚያ አልመጣችም ብለው ከክላሱ ሊያስወጡሽ ይችላሉ።

ዲስከሽን ያልኩት መምህሩ ጥያቄ ይለጥፋል፣ አንቺ ትመልሺያለሽ፣ ከዚያ ለሁለት ተማሪዎች ምላሽ ትሰጪያለሽ። «አይ አግሪ» ብሎ መሄድ ነጥብ የለውም። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ እየጻፍኩ በትርጉም አፕ እገለብጠው ነበር፣ የድንጋይ ድምፅ ነበር ያለው። ሶሲዮሎጂ ላይ ስለ እቁብና እድር በራሴ እንግሊዝኛ ስጽፍ ግን ሰባት ሰው መለሰልኝ። አንዷ «ገንዘቡን ይዞ የሚጠፋ የለም ወይ?» አለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ስናወራ ከረምን። ሌሊት አረጋውያን ስትንከባከቢ የምታዪውን ጻፊ፣ ክፍሉ ውስጥ እሱን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ፈተናው በካሜራ የሚታይ ከሆነ ፕሮግራሙን ከሳምንት በፊት ኮምፒውተርሽ ላይ ጭነሽ ሞክሪው። የቤቱን ሰው ሁሉ ንገሪ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረበት ወቅት፣ ሚድተርም ላይ እያለሁ በሩን ከፍታ «ሁለተኛው ሳይቀዘቅዝ» ብላ ሲኒውን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ወዲያው ለመምህሯ ጻፍኩ። ቪዲዮውን አይታ ነው መሰለኝ፣ «ቡናው ጥሩ ይመስላል» ብላ መለሰችልኝ።

ገንዘብን በሚመለከት፣ ክላሱ ከከበደሽ የድሮፕ ቀኑ (ከክላስ ያለ ቅጣት የሚወጣበት የመጨረሻው ቀን) ሳያልፍ ውጪ፣ ብርሽም ይመለሳል። ቀኑ ካለፈ በደብሊው (አቋርጣለች በሚል ምልክት) መውጣት ከኤፍ ይሻላል፣ ጂፒኤሽን፣ ማለትም አማካይ ውጤትሽን፣ አይነካም፣ ግን ካልጨረስሻቸው ክላሶች ተቆጥሮ ለትምህርት ገንዘብ እርዳታው ሊያስቸግርሽ ይችላል። ፔል ግራንት (የፌደራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ) ካለሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትጥፊ። የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ትተሽ ከጠፋሽ ከገንዘቡ የተወሰነውን መልሺ ልትባዪ ትችያለሽ። ጂ3 የሚባለውን የቨርጂንያ እርዳታም ጠይቂ፣ ጤና ነክ ትምህርቶች ከሚሸፍናቸው ውስጥ ናቸው፣ ለአንቺ ፕሮግራም መሆን አለመሆኑን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ይነግርሻል። መጽሐፉን ክላሱ ሳይከፈት አትግዢ፣ አንዳንዱ መምህር ነፃውን ነው የሚጠቀመው።

እችለዋለሁ ወይ ላልሽው፣ አንድ ክላስ ትችያለሽ። ሁለቱን ግን የሳምንቱን ብዛት ሳላውቅ አዎ አልልሽም። አይተሽ እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።