ከዊንዶውስ ለውጥ በኋላ አልከፈት ያሉ ፎልደሮች፦ መጀመሪያ ባለቤታቸውን ይመልከቱ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ዊንዶውስ 10ን አንስተው ዊንዶውስ 11ን እንደ አዲስ ጭነዋል። ሲ ድራይቭ ፎርማት ተደርጓል፤ የዓመታት ሥራዎ ያለበት ዲ ድራይቭ ግን አልተነካም። አሁን በዲ ላይ አንዳንዱ ፎልደር ይከፈታል፤ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ሌሎች ጥቂት ፎልደሮች ግን «አክሰስ ዲናይድ» (መግባት ተከልክሏል) ይላሉ፣ መጠናቸውም ዜሮ ሆኖ ይታያል። አንድ ሰው ደግሞ ድራይቩን ፎርማት ያድርጉት ብሎ መክሮዎታል። እባክዎ ይህን ምክር አይቀበሉት። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ እጄ ይገባል፤ አብዛኛው አንድም ፋይል ሳይጠፋ ተስተካክሎ ይመለሳል።

ዜሮው አያስደንግጥዎ። ዊንዶውስ የፎልደርን መጠን የሚያውቀው ውስጡ ገብቶ ፋይሎቹን በመደመር ነው፤ መግባት ሲከለከል የሚደምረው ስለማያገኝ ዜሮ ይላል። ይልቅ የዲ ድራይቭን ፕሮፐርቲስ ከፍተው የተያዘውን ቦታ ይመልከቱ። እንደ ቀድሞው ከሆነ ፋይሎችዎ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ታዲያ ለምን ተከለከሉ? ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደራደር የተዘጋጀ ድራይቭ እያንዳንዱ ፎልደር የማን እንደሆነና ማን ምን ማድረግ እንደሚችል መዝግቦ ይይዛል። የሚመዘግበው ግን ስም ሳይሆን ኤስአይዲ የሚባል ረጅም መለያ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ለአካውንትዎ አዲስ ቁጥር ያወጣል። የተጠቃሚ ስምዎና የይለፍ ቃልዎ ያው ቢሆኑም ለዲ ድራይቭ እርስዎ ሌላ ሰው ሆነዋል። ሳያጠፉ በነባሩ ላይ ቢያሻሽሉት ኖሮ ቁጥሩ ሳይለወጥ ይቆይ ነበር።

አንዳንዱ የሚከፈተውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዲ ላይ በቀጥታ የተፈጠረ ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ በአካውንቱ ለገባ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ የዚህ ቡድን ቁጥር፣ ማለትም ኤስ-1-5-11፣ በማንኛውም ዊንዶውስ ላይ አንድ ነው። ከግል አካውንት ወደ ዲ የተዛወሩት እንደ ዶክመንትስ ያሉት ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ባለቤታቸውን፣ ሲስተሙንና አስተዳዳሪዎችን ብቻ ነው።

ይህን በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። በማይከፈተው ፎልደር ላይ የቀኝ ክሊክ ያድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ከላይ «ኦውነር» (ባለቤት) የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ «አካውንት አንኖውን» (የማይታወቅ አካውንት) ወይም በኤስ-1-5-21 ጀምሮ በ1001 ወይም በተመሳሳይ ቁጥር የሚያልቅ ረጅም ሰንሰለት ካዩ፣ ያ የድሮው እርስዎ ነዎት። ባለቤቱን ማሳየት አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ ቢመጣም ምንጩ ብዙውን ጊዜ ያው ነው።

«እኔ እኮ አድሚኒስትሬተር ነኝ» ማለትዎ ትክክል ነው፤ ግን አስተዳዳሪ ቢሆኑም ፎልደር የሚከፍቱበት መስኮት የሚሠራው በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ነው። ሙሉ ሥልጣንዎ የሚሠራው ዊንዶውስ ፈቃድ ጠይቆዎት እሺ ሲሉት ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሁለት እርምጃ አለው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «አልሠራም» ይላል። በዚያው የአድቫንስድ መስኮት ከባለቤቱ ስም አጠገብ ያለውን «ቼንጅ» ይጫኑ፣ የአሁኑን የተጠቃሚ ስምዎን ይጻፉ፣ በውስጡ ያሉትንም ሁሉ ባለቤት እንዲቀይር ከሥር ያለችውን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት፣ አፕላይ ይበሉና መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተው እንደገና ይክፈቱ። ባለቤትነት ግን በራሱ በሩን አይከፍትም፤ የሚሰጥዎ ፈቃዱን የመቀየር መብት ነው። ስለዚህ ተመልሰው «አድ» ይበሉ፣ ስምዎን ያስገቡ፣ «ፉል ኮንትሮል» ይስጡ፣ ለዚያ ፎልደርና ከሥሩ ላሉት ሁሉ እንዲሠራ ያድርጉ። ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ ጊዜ ይወስዳል፤ መሐል ላይ አያቋርጡት። በዝርዝሩ ውስጥ «ዲናይ» (ከልክል) የሚል መስመር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከፈቃድ መስመር ስለሚቀድም ምን እንደሆነ ሳያጣሩ አይለፉት።

ይህን ሁሉ በትንሽ ፎልደር ጀምረው፣ አንድ በአንድ ያድርጉት። በጠቅላላው ዲ ላይ በአንድ ጊዜ አያድርጉ፤ ሲ ድራይቭ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩት። የዊንዶውስ ፋይሎች ባለቤት ትረስትድ ኢንስቶለር የሚባል የሲስተሙ አካል ነው፤ እሱን ካፈናቀሉ በኋላ የሚመጣውን ብልሽት ማስተካከል ከዳግም ጭነት ይከብዳል። «ሲስተም ቮሊውም ኢንፎርሜሽን» የሚባለው ፎልደርም ለእርስዎ የተዘጋጀ ስላልሆነ ተዘግቶ ይቆይ። በዶክመንትስ ውስጥ የተደበቁ «ማይ ሚውዚክ» እና «ማይ ፒክቸርስ» የሚሉ አልከፈት ባዮች ካዩ እነሱም ብልሽት አይደሉም፤ ለድሮ ፕሮግራሞች የተተዉ አቅጣጫ ጠቋሚዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ፎልደሩ ተከፍቶ፣ ፋይሎቹ እየታዩ፣ በምልክታቸው ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ሥዕል ካለና አሁንም አልከፈት ካሉ ጉዳዩ ፈቃድ ሳይሆን ምስጠራ፣ ማለትም ፋይሉ ያለ መፍቻ ቁልፍ እንዳይነበብ መደረጉ፣ ነው። ኢኤፍኤስ የሚባለው ምስጠራ ቁልፉን የሚያስቀምጠው በድሮው አካውንት ውስጥ፣ በሲ ድራይቭ ላይ ነበር። ባለቤትነትን መቶ ጊዜ ቢቀይሩ አይፈታም። የመመረቂያ ጽሑፏ በዚህ መንገድ የተቆለፈባት ተማሪ አጋጥማኛለች፤ ያዳናት የድሮውን ዲስክ ሳታጠፋ ማስቀመጧ ነው። ዲስኩን መልሰን ገጥመን በድሮው ዊንዶውስ ገብተን ቁልፉን አወጣነው። ስለዚህ የድሮው ሲ ቅጂ ካለዎት፣ ወይም ስሙ በፒኤፍኤክስ የሚያልቅ፣ ይህን ቁልፍ የያዘ የምስክር ወረቀት ፋይል የትም ቦታ ካስቀመጡ፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። የቀድሞው ዊንዶውስ የሆም እትም ከነበረ ይህ ምስጠራ እዚያ ስለማይሠራ በዚህ በኩል ይረጉ። ድራይቭን በሙሉ የሚመሰጥረው ቢትሎከር ቢሆን ደግሞ ድራይቩ በሙሉ ተቆልፎ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቅዎ ነበር፤ የእርስዎ እሱ አይደለም።

የሚመጣው መልእክት «አክሰስ ዲናይድ» ሳይሆን ፎልደሩ ተበላሽቷል፣ ሊነበብም አይችልም የሚል ከሆነ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ይተዉት። ያ የዲስክ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የሚነበበውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል፤ ቼክዲስክ የሚባለው ጥገና ከዚያ በኋላ ነው።

በኦውነር መስመር ላይ ያገኙትን እንዳለ ጽፈው ይላኩልኝ፤ የቀድሞው ዊንዶውስ ሆም ይሁን ፕሮ አብረው ይንገሩኝ።