የግሸንን መንገድ በስልክ መቅረጽ በረከት ያሳጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ለመስከረም 21 ከማኅበራችን ጋር በእግር ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ሄደን ነበር። መንገዱን በስልኬ እየቀረጽኩ፣ ማታ ማታ ደግሞ ያየሁትን በደብተር እየጻፍኩ በቴሌግራምና በቲክቶክ አጋራሁ። አንዳንዴም ላይቭ እገባ ነበር። ብዙ ሰው «በሚቀጥለው እኛም እንሄዳለን» አለኝ። አንዲት ጓደኛዬ ግን «በረከትሽን በላይክ ሸጥሽው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ሁሉንም ላጥፋው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ያን ቅዱስ ቦታ ለመሳለም አበቃሽ። ሁሉንም አታጥፊ። ለይተሽ የምታነሺው ግን አለ።

መንገድን መመዝገብ አዲስ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 33ን ክፈቺ። ሙሴ የእስራኤልን ጉዞ ሰፈር በሰፈር ጽፎታል፤ የጻፈውም በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። ተነሡ፣ ሰፈሩ፣ ተነሡ፣ ሰፈሩ ስለሚል ብዙ ሰው ምዕራፉን ዘሎት ያልፋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። በኤሊም 12 የውኃ ምንጮችና 70 የዘንባባ ዛፎች ነበሩ ይላል። በራፊዲም ደግሞ ሕዝቡ የሚጠጣው ውኃ አልነበረም ይላል። ውኃ የት እንዳለና የት እንደሌለ ተጽፏል። ሙሴ ምን ያህል እንደደከመ፣ እግሩ እንዴት እንደቆሰለ ግን አንድ ቃል የለም።

ያንቺም ማስታወሻ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ወደ አምባው መውጫው ላይ ሰው የሚጨናነቀው መቼ ነው? አረጋውያን የት አረፍ ማለት ይችላሉ? የመስከረም ጭቃ የሚያዳልጠው የቱ ጋ ነው? ሌሊት ጋቢ ብቻ ይበቃል ወይ? በሶና ዳቦ ቆሎ ለስንት ቀን ይያዝ? ይህን አንብቦ እናቱን ይዞ የሚመጣ ልጅ ይመርቅሻል።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520ዎቹ ላሊበላን አይቶ ጽፏል። የሚያምነኝ አይኖርም ብሎ ስለፈራ፣ የጻፍኩት እውነት ነው ብሎ በእግዚአብሔር እስከ መማል ደርሷል። አንቺ መማል አያስፈልግሽም፤ ስልክሽ ያሳያል። ስልኩ የሚያሳየው ግን አለቱንና ሕዝቡን ነው። ምን ተስለሽ እንደሄድሽ፣ ምን ብለሽ እንዳለቀስሽ አያሳይም። ማሳየትም የለበትም።

የጓደኛሽ ቃል ከባድ ነው። በረከትን የሚሰጥም የሚነሣም እግዚአብሔር እንጂ እሷ አይደለችም። ሥጋቷ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን በስውር አድርጉ ብሎናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊም ቤተ መቅደስ የገባው ቁጥር ይዞ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ አለ። አሁን ደግሞ ስልኩ ራሱ እርምጃ ይቆጥራል። «ዛሬ ይህን ያህል ሄድኩ» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነገር ይመስላል። በባዶ እግር ተሄዶ የቆሰለ ተረከዝን ፎቶ ማንሣትም እንዲሁ። ይህን የንስሐ አባትሽ ይወቁት፤ ይበቃል።

በመጽሐፈ ጦቢት (12፥7) መልአኩ ሩፋኤል የንጉሥን ምሥጢር መሰወር መልካም እንደሆነ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ መግለጥ ግን ክብር እንደሆነ ይናገራል። መለያሽ ይኸው ይሁን። እግዚአብሔር ያደረገውን አውሪ፤ አንቺ ያደረግሽውን ደብቂ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሌላ ሰው ፊት ነው። ለገና ላሊበላ የሄደ ያውቀዋል፤ የአገሩ ወጣቶች ዝቅ ብለው የእንግዳውን እግር ያጥባሉ። ስንት ቀን በእግራቸው የመጡ እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። እግራቸው በአቧራ ነጥቷል፣ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ውኃውን ሲያፈስላቸው አፍረው ቀሚሳቸውን ወደ ታች ይስባሉ። በዚህ መሐል ሦስት አራት ስልክ ፊታቸው ላይ ይደቀናል። ማን ጠየቃቸው? እኚያ እናት ለሰው ሊታዩ አልመጡም።

መንገድ ላይ ውኃ ቀድተው ለሚጠብቁትም እንደዚሁ ነው። በእኛ በወሎ ከእነሱ መካከል ሙስሊም ወገኖቻችን አሉ። ደግነታቸው ይነገር፤ እንዲያውም በደንብ ይነገር። ፊታቸውና ቤታቸው ግን ካልፈቀዱ ይቅር።

ስለ ቅዳሴ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ስልክ ይጠፋል። ታቦት ሲወጣም ይሰገዳል እንጂ ስልክ አይሰቀልም።

መቼ ላጋራ ካልሽ፣ የኤማሁስን መንገደኞች አስቢ። ጌታ አብሯቸው ሲሄድ አላወቁትም፤ እንጀራውን ሲቆርስ ዐወቁት። ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው በመንገድ የሆነውን ተረኩ (ሉቃ. 24፥33-35)። የተረኩት ከሆነ በኋላ ነው። ላይቭ ስትገቢ ግን ዐይንሽ ኮሜንቱ ላይ ይተከላል። አጠገብሽ «እመቤቴ፣ አድርሽኝ» እያሉ ዳገቱን የሚወጡትን አዛውንት አትሰሚያቸውም። ስለዚህ ላይቩን ተዪው። ማኅበሩ የሚያድርበትን ቦታ ገና መንገድ ላይ ሳላችሁ ለዓለም ማሳወቅ ለደኅንነትም አይበጅም። ማታ በደብተር መጻፍሽን ግን እንዳትተዪ። ቀኑን ቁጭ ብለሽ ታስቢበታለሽ፤ ያልገባሽም ይገባሻል።

አሁን የለጠፍሽውን አንድ በአንድ እዪው። ሲያለቅሱ ወይም ሲጸልዩ ሳታስፈቅጂ የቀረጽሻቸው ሰዎች ካሉ አጥፊው። የእርምጃ ቁጥር ካለም አጥፊ። መንገዱንና መስቀለኛውን አምባ የሚያሳየው ይቆይ፤ ታሪኩን ግን ጨምሪበት። ግማደ መስቀሉን አፄ ዳዊት እንዳስመጡት፣ በልጃቸው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግሸን እንደገባ፣ መስከረም 21 የሚከበረውም በዚሁ እንደሆነ ጻፊ። ብዙ ወጣት አምባውን አድንቆ፣ ለምን እንደሚሄድበት ሳያውቅ ይመለሳልና።

ሰላም ያሳጣሽን ነገር ደግሞ ለእኔ በደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ለንስሐ አባትሽ በአካል ንገሪያቸው። ለሚቀጥለው ጉዞ ማኅበራችሁ የሚቀርጽ አንድ ሰው ይመድብ፤ የሚለጠፈውንም ከተመለሳችሁ በኋላ አብራችሁ እዩት። ሌሎቻችሁ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና ሂዱ።