«ፋይል ማቀባበል» ያሉት ሥራ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። በአልፕስ ተራሮች ያለ የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ቢሮ በዳታ ስታንዳርድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች መረጃ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ በሚቀባበሉበት ደንብ ላይ የምትሠሪበት የአንድ ዓመት ኮንትራት አቅርቦልሻል፤ አንድ የክፍያ መተግበሪያ ኩባንያ ደግሞ እጥፍ ደመወዝ ይዞ ይጠብቅሻል። አባትሽ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ፋይል ለማቀባበል ነው?» አሉሽ። አንቺም ሙያው ጠባብ ነው፣ ከገባሁበት እዚያው ተወስኜ እቀራለሁ ብለሽ ፈርተሻል።

በዚህ ፍርሃት ፈጽሞ አልስማማም። አውሮፓ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ 5 ደረጃ የጋራ የናዳ አደጋ መለኪያ አላት። «3» የሚለው ቁጥር ብቻውን ግን ተራራ ለሚወጣ ሰው አይበቃውም። ከየትኛው ከፍታ በላይ? ወደ ሰሜን ባዘነበለው ቁልቁለት ወይስ ወደ ደቡቡ? የሚያሰጋው ነፋስ የከመረው በረዶ ነው ወይስ ከሥር ያለ ደካማ ንብርብር? ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ሳያዛንፍ እንዲነግር ነው ከካናዳ የተነሣው ሲኤኤኤምኤል የተባለው የናዳ ዳታ ስታንዳርድ የተሠራው። ኤክስኤምኤል በሚባል የፋይል አጻጻፍ ተጀምሮ አሁን ጄሰን በሚባለውም ይጻፋል። በውስጡ የከፍታው ወሰን በሜትር ይሰጣል፤ ወይም «ዛፍ የሚያበቃበት» ተብሎ ይገባል። ቁጥር ብቻ እንዲያነብ የተሠራ መተግበሪያ ይህን ቃል ሲያገኝ ወሰኑን ሊጥለው ይችላል። ከወሰኑ በላይ 3፣ ከበታቹ 2 የተባለው ተራራ በስልክ ላይ ባዶውን «2» ሆኖ ቢወጣ፣ ያን አይቶ ሽቅብ የሚሄደውን ሰው አስቢው።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የአየር ጠባይ ጣቢያዎችን ዳታ እሰበስብ ነበር። አንድ ጣቢያ መለኪያው ሲበላሽ ባዶ መተው የነበረበትን ቦታ ዜሮ ብሎ ይልክ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ «ዝናብ የለም» ብለን አሳለፍነው፤ እዚያ ግን ይዘንብ ነበር። «ባዶ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ እንጀራዬ ሆኗል። ሆስፒታሉም አየር መንገዱም ይህንኑ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል። የክፍያ ኩባንያውም ቢሆን አይኤስኦ 20022 የሚባል የመልእክት ስታንዳርድ ይጠብቀዋል። ታዲያ ጠባቡ የቱ ነው?

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር። ከአነስተኛው ደመወዝ ላይ ለቤተሰብ የምትልኪው ሲነሣ የሚተርፍሽን አስዪ። የማያኖርሽ ከሆነ ያለ ኀፍረት ወደ ኩባንያው ሂጂ። የሚያኖርሽ ከሆነ ግን አባትሽ እየጠየቁሽ ያሉት ክብር ነው፤ እሱን በአንቺ ሙያ መክፈል የለብሽም። የምትልኪውን መጠን በቁጥር ንገሪያቸውና ክርክሩን ዝጊው።

ያሳሰበሽ ጀርመንኛሽም እየሠራሽ ይስተካከላል። የኮንትራቱ ዓመት ማጠርም ለጀማሪ ጉዳት የለውም።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ኃላፊሽ የሚሆነውን ሰው አንድ ነገር ጠይቂው፦ ስታንዳርዱ ሲቀየር ፋይሉን ለሚቀበሉት መተግበሪያ ሠሪዎች ቀድሞ የሚነግራቸው ማን ነው? «ማንም» ካለሽ፣ ያንን ሥራ በኮንትራትሽ ላይ አስጽፊው።